ነገን ማሰር

ክታብ ከቆዳ ማኅደሩ ወጥቶ ሲዘረጋ ሰው ሰው ይሸታል። ዓመታት በአንገት ላይ የኖረ ነገር ስለሆነ ላቡ፣ ቅቤውና የጎጆው ጭስ ብራናው ውስጥ ዘልቋል። ብራናው ጠባብ ነው፤ ርዝመቱ ግን ብዙ ጊዜ ከባለቤቲቱ ቁመት ጋር ተለክቶ ይቆረጣል፤ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ይጋርዳታል ተብሎ ይታመናልና። ራስጌው ላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ትልልቅ ዓይኖቹን አፍጥጦ ቆሟል። ከሥሩ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረሱ ሆኖ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር ይወጋል። ወረድ ሲል ጠቢቡ ንጉሥ አጋንንትን በመረብ የያዘበት መርበብተ ሰሎሞን ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ በምንም ቋንቋ የማይፈቱ የአስማት ስሞች ይደረደራሉ። በቀይ ቀለም ከተጻፉት ቃላት መካከል የባለቤቲቱ የክርስትና ስም አለ። በአንዳንዱ ክታብ ላይ ይህ ስም ተፍቆ በቦታው የሌላ ሴት ስም ገብቶበታል። የመጀመሪያዋ ምን እንደሆነች ብራናው አይናገርም። ሁለተኛዋ ግን ያንኑ ጸሎት፣ ያንኑ መልአክ፣ ያንኑ ፍርሃት ተረክባለች።

ይህን የጻፈው ሰው እሑድ ማሕሌት የሚቆም፣ ዜማና ቅኔ የተማረ ደብተራ ነው። ያስጻፈችው ሴትም ክርስቲያን ናት፤ ትጾማለች፣ ታስቀድሳለች፣ ማተቧን አትበጥስም። ጽሑፉ በሥላሴ ስም ይጀምራል፣ እመቤታችንን ይማጸናል፣ መላእክትን በስማቸው ይጠራል። ስለዚህ «ባዕድ አምልኮ ነው» ብሎ ጣል አድርጎ ማለፍ ቀላል ቢመስልም ነገሩን አይነካውም። ክትባት በሌለበት ዘመን ልጆቿን በተከታታይ የቀበረች እናት፣ ለሦስተኛው ልጇ ስትል ያላትን በግ ሸጣ ብራና ብታስጽፍ እኔ የምስቅባት ሰው አይደለሁም። ከእርሷ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብራናው በእግዚአብሔር ስም የሚያደርገው ነገር ነው።

ባለቤቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ አትችልም፤ ብትችልም ክታቡ በቆዳ ተሰፍቶ የታሸገ ነው። ማንም አያነበውም፣ ማንም አይጸልይበትም፤ ይሠራል የሚባለው ስላለ ብቻ ነው። ስሙ ከተጻፈ፣ ቀለሙ ከቀላ፣ ቁመቱ ከተለካ፣ ባለ ስሙ የግድ ይመጣል ማለት ነው። ልመና የነበረው ቀስ በቀስ ትእዛዝ ሆነ። ሁለቱ ሲጻፉ አንድ ዓይነት ፊደል ነው የሚጠቀሙት። የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ የሚለምን ሰው «እምቢ» ሊባል እንደሚችል ያውቃል።

መዝሙረ ዳዊት 90ን የማያውቅ ቤት በአገራችን ጥቂት ነው። በልዑል ጥላ ሥር የሚያድር ሰው ከወጥመድና ከቸነፈር እንደሚጠበቅ የሚናገረው መዝሙር ነው፤ በራስጌ ይቀመጣል፣ በመኪና ይሰቀላል፣ ክታብም ላይ ይገባል። ይህን መዝሙር በወንጌል ውስጥ ጠቅሶ የምናገኘው ግን ሰይጣንን ነው። ጌታን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ፣ መላእክት እግሩ እንኳ በድንጋይ እንዳይሰናከል እንደሚያነሡት አስታውሶ፣ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ጠየቀው። ጥቅሱ ትክክል ነበር፤ ከዳዊት ቃል አንድም የፈጠራ ነገር አልጨመረበትም። ያደረገው ተስፋውን ወደ ዋስትና መለወጥ ነው፦ ተጽፏልና ሞክረው፣ መፈጸም አለበት። የጌታ መልስ ደግሞ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ የሚናገር ነበር። የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል መስታወቱ ላይ ለጥፎ ኩርባ ላይ የሚደርብ ሹፌር ባየሁ ቁጥር ይህ ጫፍ ትዝ ይለኛል። ሥዕሉ ቅዱስ ነው፤ ሹፌሩም በልቡ የሚያምን ሰው ሊሆን ይችላል። ዐሥራ ሁለት ተሳፋሪ ጭኖ ግን ከመቅደሱ ጫፍ እየዘለለ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ስለ ኤፌሶን የተጻፈውን ደጋግሜ አነባለሁ። የአስቄዋ ሰባት ልጆች ጳውሎስ የሚሰብከውን ስም እንደ ድግምት ጠሩት፤ ክፉው መንፈስ ኢየሱስንም ጳውሎስንም እንደሚያውቅ፣ እነርሱን ግን እንደማያውቅ ነግሮ ዕርቃናቸውን አባረራቸው። ከዚያ በኋላ ሰዎች የጥንቆላ መጻሕፍታቸውን አምጥተው በሕዝብ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋቸው ቢሰላ 50,000 ብር ወጣ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ግን መናዘዝ የጀመሩት ቀድሞውኑ ያመኑ ሰዎች መሆናቸው ነው። ክርስትናው በአንድ እጃቸው፣ መጽሐፉ በሌላው ነበር። ጳውሎስ በዚያች ከተማ ሁለት ዓመት ሲያስተምር መጻሕፍቱ ምናልባት ከአልጋው ሥር ተቀምጠው ይሆናል፤ «ለሁሉም ጊዜ አለው፣ ድንገት ቢያስፈልገኝ» ተብለው። ይህ «ድንገት ቢያስፈልገኝ» የሚለው ሐሳብ ነው የማውቀው ክርስትና ሁሉ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው፤ የእኔም ጭምር።

ከኤፌሶን በፊት እስራኤላውያን በታቦቱ ያደረጉት የበለጠ ያስደነግጣል፤ ታቦት ለምናከብር ለእኛማ በተለይ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ፊት ተሸንፈው 4,000 ሰው ወደቀባቸው። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደተሸነፉ ለአፍታ ከጠየቁ በኋላ መልሱን ሳይጠብቁ ታቦቱን ከሴሎ አስመጡ። ታቦቱ ሰፈሩ ሲገባ ምድር እስክትናወጥ እልል አሉ። በውጊያው ግን 30,000 እግረኛ ሞተ፣ የካህኑ የዔሊ ሁለት ልጆች ሞቱ፣ ታቦቱም ተማረከ። ታቦቱ ሐሰተኛ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው፣ ኪሩቤል የጋረዱት ነበር። ሰዎቹ ግን ባለቤቱን ሳያናግሩ ዕቃውን ይዘው ወጡ። ከዚህ የምረዳው ቅድስና ያለው ነገር ከክታብ መዘዝ እንደማያመልጥ ነው። ጠበሉም፣ እምነቱም፣ መቁጠሪያውም፣ መስቀሉም በዚያው መንገድ ሊያዙ ይችላሉ።

የጥንቆላን ነገር ከሥሩ እንነቅላለን ያሉ ነገሥታት ነበሩን። ከሁሉም የበረቱት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ሕዝቡ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ ክንዱ ላይ ደግሞ ሰይጣንንና ደስክ የተባለውን ጣዖት መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያደርግ አዘዙ። ለጣዖት ሰግዳችኋል በሚል ክስ ከገዛ ልጆቻቸው መካከል ሳይቀር የተቀጡና የሞቱ አሉ። እኒህ ታላቅ የሃይማኖት ጸሐፊ ናቸው፤ መጽሐፈ ብርሃንን የመሰለ ሥራ ትተውልናል። ዜና መዋዕላቸው ግን ሌላም ነገር ይነግረናል፦ በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት ካህናት ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ ይደግሙና ጠበል ይረጩ ነበር፤ ንጉሡ የመሠርያንን ተንኮል ይፈሩ ስለነበር። ጠንቋይን አጥብቆ የሚያሳድድ ሰው በጠንቋይ ኃይል ከሁሉም በላይ የሚያምን ሰው ሊሆን ይችላል። ግንባር ላይ የተጻፈው የሥላሴ ስምም፣ በፍርሃት ከታዘዘ ዘንድ፣ ብራናው ተለውጦ በሰው ገላ ላይ የተደረገ ክታብ ነው። ፍርሃትን በዐዋጅ ማባረር አልተቻለም፤ ሰይፉ ሲነሣ ፍርሃቱ ጌታውን ብቻ ቀየረ።

ዛሬ ደብተራ ፈልጎ ብራና የሚያስጽፍ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ቴሌግራም ላይ ግን በየሳምንቱ የመልአክ ወይም የእመቤታችን ሥዕል የተለጠፈበት መልእክት ይደርሰናል፦ ለዚህን ያህል ሰው ካስተላለፍክ እስከ ማታ መልካም ወሬ ትሰማለህ፣ ካለፍከው ግን የሚደርስብህን ታያለህ። የተማሩ፣ መሥሪያ ቤት የሚውሉ፣ በዋሽንግተንና በዱባይ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ጭምር ያስተላልፉታል። «አላምንበትም፣ ግን ምን አጠፋለሁ» ይላሉ። የሚጠፋ ነገር አለ። ያ መልእክት ስለ እግዚአብሔር አንድ ትምህርት ይዟል፤ ልጆቹን በስልክ ጣታቸው እንቅስቃሴ የሚሸልምና የሚቀጣ አድርጎ ነው የሚያስተምረው። ከመቶ ስብከት ይልቅ ይህ ይደጋገማል።

የኮከብ ቆጠራውን ነገር ብዙ አላትትም። በአውደ ነገሥት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው ለ12 ይገደፋሉ፤ የቀረው ሐመል ወይም ሠውር፣ ሚዛን ወይም አቅራብ ያደርገዋል። በዚህ ሒሳብ የፈረሰ እጮኝነት አለ፤ «ባሕርይው እሳት ነው፣ ያንቺ ውኃ ነው» ተብሎ። ቅዱስ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ በኮከብ ቆጣሪዎች ተይዞ ነበር፤ የተላቀቃቸው በአንድ ሰዓት የተወለዱ፣ አንዱ የጌታ ልጅ፣ ሌላው የባሪያ ልጅ የሆኑ ሁለት ሕፃናትን ታሪክ ሲሰማ ነው። ኮከባቸው አንድ፣ ኑሯቸው ሰማይና ምድር። መንትዮቹን ያዕቆብንና ዔሳውን መጥቀስም በቂ ነበር።

ቆም ብዬ ልናገርበት የምፈልገው የገድ እምነት ሁልጊዜ ጥፋተኛ የሚፈልግ መሆኑን ነው። መልካም ነገር ሲመጣ «እግረ እርጥብ ናት» ተብላ የምትመሰገን ሙሽራ አለች፤ በመጣች ዓመት ከብት ካለቀ ደግሞ ገደ ቢስ ናት። እርሷ ያደረገችው ነገር የለም፤ ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት መምጣቷ ብቻ ነው። ልጅ ሲታመም ዓይን የበላው ይፈለጋል። ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ ገምቦውን የሠራችው፣ ሸማውን የሸመነው እጅ «ቡዳ» ተባለ። በጎንደር ዙሪያ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ሌሊት ጅብ ሆነው እንደሚወጡ እየተነገረባቸው ለትውልዶች ኖረዋል። ጎረቤታቸው ማረሻውን ከእነርሱ ይገዛል፣ ልጁን ግን ከዓይናቸው ይሸሽጋል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ ሲነገር የሰማ ገበሬ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ያንኑ ፍርሃቱን ይዞ ነበር የሚመለሰው። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ መከራን መሸከም ካለመቻል ይመስለኛል። የሕፃን ሞት ምክንያት ከሌለው ያስፈራል፤ ምክንያቱ የአንጥረኛው ዓይን ከሆነ ግን ቢያንስ የሚጠላ ሰው ተገኘ።

ደቀ መዛሙርቱም ይህን ልማድ ይዘው ነው ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ያዩት። ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ጭቃ ለወሰና የሰውየውን ዓይን ቀባ፤ ወደ ሰሊሆም መጠመቂያም ላከው። ጥፋተኛ ፍለጋው በዚያው ቀረ።

በእግዚአብሔር መታመን ስል እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ማለቴ እንዳይመስል። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚባለው ነገር ከክታቡ ባልተናነሰ ያስጨንቀኛል። ባሏ የሚደበድባት ሴት በዚህ ቃል ቤቷ ትመለሳለች፤ ሽማግሌዎቹም በዚሁ ቃል ያጽናኗታል። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ነው የምትጠመቀው፤ የእግዚአብሔር ልጅ የምንባልበት ሰሞን በአፋችን ዕጣችን የታተመበት ሰሞን ሆኖ መቅረቱ ልብ ያቆስላል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 65 ሕዝቡን ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ ዕድልና ዕጣ ለሚባሉ ጣዖታት ማዕድ ማሰናዳታቸው ነው። ፊት የሌለው፣ የማይሰማ፣ ይቅር የማይል ነገርን «እግዚአብሔር» ብሎ መጥራት ያው ማዕድ ነው። አባት ለልጁ የሚፈቅደውና የሚከለክለው አለ፤ ልጁም ሊጠይቀው፣ ሊያለቅስበት፣ ሊሞግተው ይችላል። ዕጣ ፈንታን የሞገተ ማንም የለም፤ የሚሰማ ጆሮ የለውማ።

ዕጣ መጣል በራሱ ግን ኃጢአት አይደለም። ማትያስ በይሁዳ ፋንታ የተተካው በዕጣ ነው። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ፓትርያርኳን ስትመርጥ በመጨረሻ የሦስት ሰዎች ስም በመንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን አንዱን ያወጣል። አቡነ ታዋድሮስም እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ነው የተመረጡት። ሕፃኑ እጁን ከመስደዱ በፊት ብዙ ጾምና ጸሎት፣ ብዙ የሰው ምርመራ አልፏል፤ ሦስቱም የሚገቡ ሰዎች ናቸው። የወጣውን ስም ሁሉም ይቀበለዋል። በየሰፈሩ ውርርድ ቤት ትኬቱን ይዞ ከጨዋታው በፊት የሚያማትበው ወጣት ሕፃኑን ይመስላል፤ ልመናው ግን አንድ ውጤት ብቻ ነው የሚቀበለው። በዚህ ወጣት አልፈርድም፤ ሥራ የሌለው ሰው ለነገው ሌላ በር አላየም። ይህን በር የከፈቱለትና ከተስፋው ትርፍ የሚሰበስቡት ናቸው መጠየቅ ያለባቸው።

ወደ ስለት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መንገዶች ተጠጋግተው የሚሄዱት። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚተመውን ሕዝብ ያየ ሰው እምነት በአገራችን ምን ያህል ሥጋና ደም እንዳለው ይረዳል። ዳገቱን በባዶ እግር የሚወጡ አሉ፤ ድንጋይ በጀርባቸው የተሸከሙ አሉ፤ በስለት የተገኘ ሕፃን አዝለው የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። ጥላ፣ ጧፍ፣ ወርቅ ይገባል። ሕዝቡ ሲናገር «ሰጠኝ፣ ሰጠሁ» ይላል። ይህን ንግድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱ ላይ ልክ ናቸው። «ይህን ካደረግህልኝ ያን አደርግልሃለሁ» የሚል ስለት ከክታቡ ብዙ አይርቅም፤ የተሳለው ሰው ካልሆነለት ወደ ሌላ ታቦት ይሄዳል፣ ያም ካልሠራ ወደ ጠንቋይ።

የሳሙኤል እናት ሐና ግን ስለት ተሳለች። ልጅ ስጠኝ አለች፤ ከሰጠኸኝ ለአንተው እሰጠዋለሁ አለች። ለሴትየዋ የቀረላት ምንድን ነው? ሳሙኤልን ጡት አስጥላ ወደ ሴሎ ወሰደችው፣ ለዔሊ አስረከበችው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። የተሳለችው ነገር መልሶ በእጇ አልቀረም። በንግድ ዓይን ካየነው ሐና ከሰረች። የጸሎቷ ታሪክ ግን ወደ ንግድ ስሌት አይገባም፤ መጽሐፉ እንደሚለው ገና ልጁ ሳይፀነስ፣ ዔሊ ከመረቃት በኋላ ወጥታ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። የፈለገችው ነገር በእጇ ሳይገባ ፊቷ የተፈታበት ያ ማታ ነው መታመን ምን እንደሚመስል የማይበት።

የቁልቢውም ቀን የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ታኅሣሥ 19 መልአኩ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን፣ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያዳነበት መታሰቢያ ነው። ስለ ማዳኑ ብዙ ይዘመራል፤ ይገባልም። ወጣቶቹ ለናቡከደነፆር የመለሱት መልስ ግን ከማዳኑ በፊት የመጣ ነው። አምላካቸው ከሚነድደው እቶን ሊያድናቸው እንደሚችል ነገሩት፤ ባያድናቸውም እንኳ ለወርቁ ምስል እንደማይሰግዱ ጨመሩበት። መልአኩ ገና አልታየም ነበር። እሳቱ ደግሞ ከዚህ መልሳቸው በኋላ ሰባት እጥፍ ተማገደ። በዚያ ሰዓት ባያድናቸው ኖሮ እነዚያ ወጣቶች ምን ይሆኑ ነበር ብዬ ሳስብ፣ ያው እነርሱ ይሆኑ ነበር እላለሁ። ድርሳኑን ታኅሣሥ 19 የሚያሰማ ካህን ይህቺን «ባያድናቸውም» ረዘም አድርጎ ቢተረጉማት ደስ ይለኛል። ሕፃኑን አዝላ ከመጣችው እናት አጠገብ፣ ለዓመታት ተስላ ባዶ እጇን የመጣች ሌላ ሴት አለች። ጥላ አልያዘችም። ለእርሷም የሚሆን ቃል ከዚያው ታሪክ ውስጥ አለላት፤ የቤተ ክርስቲያኗ ቀን የሚገባው ድል ላገኘው ብቻ እንዳይመስላት።

ልጅ የሞተባት እናት ቤት ሁለቱ መንገዶች ጨርሰው ይለያያሉ። ክታብ ጻፊው መልስ አያጣም፦ ሳትነጺ ነክተሽው ነው፣ ሌሊት አውልቀሽው ነው፣ የጎረቤትሽ ዓይን በርትቶ ነው። እያንዳንዱ መልስ ወይ በደል ያሸክማታል ወይ ጠላት ይሰጣታል። «ኃጢአትሽ ነው» የሚል ሰባኪም የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ መልካም አደረጉ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። የኛ ሰው በለቅሶ ድንኳን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሲነሣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላል። ሦስቱ ወዳጆች የተበላሹት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መስጠት ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ሆነ፤ ሲጮህና ሲሞግት የከረመው ኢዮብ ቅን ነገር እንደተናገረ ተመሰከረለት። ለምን ያ ሁሉ እንደደረሰበት ግን አልተነገረውም። ሳያውቀውም ለእነዚያው ሦስት ሰዎች ጸለየላቸው።